የወጣቶች የኅብረት ሙዚቃ በሐይቅና በአምባሰል፤ ታሪኩና ዕድገቱ

አምባሰል የተባለው ስም ሲጠራ ከተራራው ይልቅ ዜማው ቀድሞ ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው። የወሎን ምድር አይቶ የማያውቅ እንኳ ክራር ሲደረደር ሰምቶ «ይህስ አምባሰል ነው» ብሎ ለመለየት አይቸገርም። ከአራቱ ዋና ዋና የአገራችን ቅኝቶች፣ ይኸውም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ መካከል ሁለቱ ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ ስፍራዎች ነው፤ ትዝታንም ቢሆን የወሎ ነው የሚሉት ጥቂት አይደሉም። እንግዲህ ለአገር ሁሉ ቅኝት ያበረከተ ምድር የገዛ ልጆቹን ሰብስቦ ዜማና መሣሪያ የሚያስተምርበት ሥርዓት ምን ይመስል ነበር? ከየት ተነሣ? እንዴትስ አደገ? ስለ ምንስ ተቋረጠ? በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንን ነው።

አስቀድመን ግን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ኦርኬስትራ» የሚባለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን በጥንቱ ቴያትር ዘማሪዎቹ የሚዘፍኑበትንና የሚያሸበሽቡበትን ስፍራ ያመለክት ነበር፤ በኋላ በአውሮጳ ብዙ መሣሪያ ይዘው በአንድነት ለሚጫወቱ ሰዎች መጠሪያ ሆነ። እኛ በዚህ ጽሑፍ የወጣቶች የኅብረት ሙዚቃ ስንል የቫዮሊንና የመለከት ጓድ ብቻ ማለታችን አይደለም፤ የአንድ አካባቢ ልጆች በአንድ መምህር ሥር ተሰብስበው፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ እየጠበቀ፣ በኅብረት የሚማሩትንና የሚያሰሙትን ሁሉ ማለታችን ነው። በዚህ ዐይን ታሪኩን ስንመለከተው ሁለት ነገሮች ተለይተው ይታዩናል። አንደኛው ደጋፊ ነው፤ ሁለተኛው የሊቃውንቱን ቃል ለመዋስ ያህል ወንበር ነው። ደጋፊ ገንዘብና መሣሪያ ይሰጣል፤ ወንበር ግን መምህሩ ቢሞት እንኳ ደቀ መዝሙሩ ተተክቶ የሚያስተምርበት ሥርዓት ነው። የአገራችን የሙዚቃ ጓዶች በደጋፊ ያደጉ፣ በወንበር እጦት የወደቁ መሆናቸውን ለማሳየት እንሞክራለን።

ስለ ስፍራው

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ስሟን በሰጣት ሐይቅ አጠገብ የምትገኝ ናት፤ ዛሬ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲዘልቁ የአምባሰል ወረዳ ይገኛል። የወረዳው ከተማ ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር በተደረገው ውል ምክንያት ስሟ በዓለም ታሪክ ገብቷል። የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት የነበረው የግሸን አምባም በዚሁ በአምባሰል ነው፤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የግሸን ማርያምን በዓል ለማክበር ሕዝብ ከየአገሩ ይሰበሰብበታል። የአምባሰል ገዥ «ጃንጥራር» ይባል ነበር፤ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ከዚሁ ቤት ናቸው።

በዚህ ምድር ክርስቲያኑና እስላሙ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን በብዙ ቤት የሥጋ ዘመድ ነው። አንዱ የሌላውን ሠርግና ለቅሶ ይካፈላል፤ በዘፈኑም በአንድነት ያጨበጭባል። ስለሆነም የአካባቢውን ሙዚቃ ታሪክ ከአንድ ወገን ብቻ መጻፍ ግማሹን መተው ይሆናል።

የጥንቱ ወንበር

በሐይቅ የትምህርት ታሪክ ቀዳሚ ሆኖ የሚነሣው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ገዳሙ ያለበት ስፍራ ጥንት ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደዚህ መጥተው ወንበር ዘረጉ። ከደቀ መዛሙርቶቻቸውም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በ1280 እ.ኤ.አ. ገደማ ለአቡነ ኢየሱስ ሞዐ የተጻፈው አራቱ ወንጌል በዚያ ዘመን በሐይቅ መጽሐፍ የሚጻፍበትና የሚሰበሰብበት ሥራ ምን ያህል እንደ ነበረ ይመሰክራል። የገዳሙ አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ማዕርግ ይሰጠው ነበር።

ለርእሳችን የሚጠቅመን ግን የማዕርጉ ክብር ሳይሆን የትምህርቱ አሠራር ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጁ ከፊደልና ከንባብ ተነሥቶ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ወደ ዜማ ቤት ይገባል። በዚያም ቅዱስ ያሬድ ደረሳቸው የሚባሉትን ግእዝን፣ ዕዝልንና ዓራራይን ይማራል። ዜማው ምልክት ቢኖረውም ዋናው መጽሐፍ የመምህሩ አፍና የተማሪው ጆሮ ነው። ዘልቆ የተማረው ለጀማሪው ያስቀጽላል፤ መምህሩ ለሁሉ በየቀኑ መድረስ ባይችል እንኳ ትምህርቱ አይቋረጥም። ተማሪው የሚኖረው ከመንደሩ ሕዝብ በሚለምነው ቍራሽ ነው። ስለዚህ «ቆሎ ተማሪ» ማለት በሌላ አነጋገር ሕዝቡ ሁሉ ጥቂት ጥቂት እያዋጣ የሚያስተምረው ልጅ ማለት ነው። በማሕሌት ጊዜም ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው በአንድነት ይሄዳሉ፤ ግራና ቀኝ የቆሙት ይቀባበላሉ። ይህ የኅብረት ሙዚቃ ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ይችላል?

በእስላሙም ወገን ሥርዓቱ ከዚህ የራቀ አይደለም። ወሎ ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የእስላም ትምህርት ታላቅ መናኸሪያ ሆኖ ቆይቷል። በጀማ ንጉሥ ያስተምሩ የነበሩት ሼህ ሙሐመድ ሻፊ የመውሊድን በዓል በወሎ በማስፋፋት ስማቸው ይነሣል። ደረሳው እንደ ቆሎ ተማሪው ከቤቱ ርቆ፣ በሼሁ ዙሪያ ተሰብስቦ፣ በሕዝብ ምጽዋት እየኖረ ይማራል። መንዙማው ሲወጣ አንዱ ይመራል፤ የቀረው በጭብጨባና በድቤ እየመታ ይቀበላል። ብዙው መንዙማ ቃሉ አማርኛ፣ ፊደሉ ዐረብ በመሆኑ ፊደል ያልቈጠረውም ሰው በጆሮው ይዞት ይቀራል። ልጆቹም ከዳር ተቀምጠው በመቀበል ይጀምሩና አድገው መሪ ይሆናሉ።

ከእነዚህ ከሁለቱ ውጪ የዓለማዊው ዜማ ወንበር ነበረ። እረኛው ዋሽንቱን ከሸምበቆ ቈርጦ፣ ከታላቁ እየሰማ ይለማመዳል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ለልጁ ያወርሳል። በዚህ በኩል ግን ትምህርቱ ከቤተ ሰብና ከመስክ አልፎ የሕዝብ ተቋም አልሆነም። አዝማሪ በሠርግና በግብዣ ቢፈለግም እንደ መምህር አይከበርም ነበርና፣ የሌላው ሰው ልጅ ወደ እርሱ ሄዶ ቢማር ለቤተ ሰቡ ነውር ይመስላቸው ነበር። የዓለማዊው ሙዚቃ ወንበር እንዳይሰፋ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ስለ አምባሰል ቅኝትና ስለ ኅብረቱ ችግር

ቅኝቱን በዘመናዊው የሙዚቃ ስም ብናስቀምጠው አምስቱ ድምፆች ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ቢሞል ይሆናሉ። ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ድምፅ ግማሽ ቶን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ሁለት ሙሉ ቶን ይዘላል። ይህ መጥበብና መስፋት ተከታትሎ በመምጣቱ ዜማው ለጆሮ ልዩ ሆኖ ይሰማል።

አሁን ልጆችን ሰብስበን በዚህ ቅኝት እናጫውት ብንል ምን እንደሚገጥመን እንመልከት። ክራር አምስት ወይም ስድስት ጅማት ስላለው የሚሰጠው የተቃኘበትን ቅኝት ብቻ ነው፤ ከትዝታ ወደ አምባሰል ለመዞር ጅማቶቹን እንደገና ማክረርና ማላላት ያስፈልጋል። ዋሽንት ደግሞ ብዙ ጊዜ አራት ቀዳዳ ያለው በመሆኑ ከተቈረጠ በኋላ ድምፁ አይለወጥም፤ ስለዚህ ዋሽንተኛው ቁመታቸው ልዩ ልዩ የሆነ ብዙ ዋሽንት ይዞ ይሄዳል። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ብቻ ስላለው በጣት ወደ ፈለጉት ድምፅ ይታዘዛል። ጥንት እነዚህ መሣሪያዎች በአብዛኛው ለየብቻ፣ ከአንድ ድምፃዊ ጋር ብቻ ይሰሙ ስለ ነበር አንዱ ከሌላው ጋር መስማማት አላስፈለገውም። በአንድነት ሲቀመጡ ግን መነሻ ድምፃቸውን የሚወስን፣ ቅኝቱ መቼ እንደሚለወጥ የሚያዝ፣ መሣሪያውንም በልክ የሚያሠራ ሰው የግድ ይሆናል። የኅብረት ሙዚቃ ያለ መምህር የማይቆመው ስለዚህ ነው።

ከቤተ መንግሥት የመጣው የሙዚቃ ጓድ

ይህን ችግር ለመፍታት የተጀመረው ሥራ ከወሎ ርቆ በአዲስ አበባ ስለ ተደረገ፣ ታሪኩን ለመከተል ለጥቂት ጊዜ ወደዚያ እንሻገር። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ መንግሥት ለዳግማዊ ምኒልክ የናስ የሙዚቃ መሣሪያ መጥቶ ነበር። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ ወላጆቻቸውን በእልቂቱ ያጡ የአርመን ልጆች በናስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። እነዚህ «አርባ ልጆች» የተባሉት ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ለጻፉለት የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማውን ደረሱ።

በኢትዮጵያ ምድር በዘመናዊ መሣሪያ የተቋቋመው ስመ ጥር የወጣቶች ጓድ እንግዲህ የስደተኞችና የወላጅ አልባ ልጆች ጓድ ነበር ማለት ነው። ደጋፊው አንድ መስፍን ነበሩ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጠላት ወረራ ሥራውን አቋረጠው። ከነጻነት በኋላ በክብር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊት፣ በፖሊስና በማዘጋጃ ቤት ጓዶች ተቋቋሙ፤ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በማዘጋጃ ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር ብዙ ወጣቶችን አስተማሩ። ከገጠር የመጣ ልጅ መለከት ለመማር ወታደር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ መሆን ነበረበት። ተምሮም ወደ አገሩ ተመልሶ የሚያስተምርበት ስፍራ አልነበረውም። አምባሰል ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ከአዲስ አበባ ግን ወደ አምባሰል የተመለሰ ትምህርት ቤት አልነበረም።

ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ

የአገሩን መሣሪያዎች ራሳቸውን በአንድነት ለማጫወት ታላቅ ሙከራ የተደረገው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። ግብፃዊው የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቬርሲቲ ሳሉ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን አቋቋሙ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ፣ መለከትና ከበሮ በአንድ መድረክ ተቀመጡ። ቀደም ብለን የገለጽነው የመነሻ ድምፅና የቅኝት መስማማት በጥናት የተፈተነው በዚህ ጊዜ ነው። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተስፋዬ ለማ መሪ ሆነው ጓዱን ለብዙ ሕዝብ አስተዋወቁት፤ በ1969 እ.ኤ.አ. ከጓዱ የተውጣጡ ተጫዋቾች እስከ አሜሪካ ዘልቀው አሰሙ። ነገር ግን ለውጡ ከመጣ በኋላ በ1975 እ.ኤ.አ. ጓዱ ተበተነ። እድሜው 12 ዓመት ያህል ብቻ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ሥራው ከንቱ አልነበረም፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡት የባህል ጓዶች ሁሉ ክራርን፣ ማሲንቆንና ዋሽንትን አጣምሮ የማስቀመጥን ልማድ ተከትለዋል። ሆኖም ኦርኬስትራው ተጫዋቾችን ሰበሰበ እንጂ በየአውራጃው ታናናሾችን የሚያሳድግ ወንበር አልዘረጋም ነበር። ስለዚህ ዩኒቬርሲቲው ሲናወጥ አብሮ ተናወጠ።

የኪነት ቡድን ዘመን

የኅብረት ሙዚቃ በስፋት ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ የወረደው በደርግ ዘመን ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠርና የከተማ ቦታ ዐዋጆች ከወጡ በኋላ የገበሬ ማኅበራትና ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ በየማኅበሩም የወጣቶች የኪነት ቡድን ተደራጀ። ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከአውራጃ ወደ ክፍለ ሀገር እየተወዳደሩ የተሻሉት ይመረጡ ነበር። በወሎ ከሁሉ የገነነው በደሴ የተቋቋመው የላሊበላ የኪነት ቡድን ነው። የአምባሰልን ዜማ በማንቈርቈር ስሟ የታወቀው ማሪቱ ለገሰ የወጣችው ከዚህ ቡድን ነው።

ስለዚህ ዘመን ፍርድ ስንሰጥ ሁለቱንም ወገን መመልከት ይገባናል። በአንድ በኩል የዘፈን ትምህርት የአዝማሪ ቤት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የማንም ገበሬ፣ የማንም ነጋዴ ልጅ፣ ሴቶቹም ጭምር፣ በግልጽ አደባባይ ሊማሩት ቻሉ። ከላይ የጠቀስነው ነውር በአብዛኛው የተሰበረው በዚህ ጊዜ ነው። በሌላው በኩል ቡድኑ የሚጫወተው መንግሥት የፈቀደውን ነበር፤ በብዙ ስፍራም ወጣቱ ወዶ ብቻ ሳይሆን ታዞ ይገባ ነበር። የፍቅሩ ዜማ ሳይለወጥ ቃሉ ለመፈክር ተለወጠ። ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ወሎን በመታ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ተበተነ፤ ወደ ሩቅ አገር የሰፈረውም ሰፈረ። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ጓድ ለረሃቡ ጊዜ ርዳታ ምስጋና ለማቅረብ ወደ ብዙ አገሮች ሲዞር፣ የወሎ ዜማ የወሎን መከራ ለዓለም ያሰማ ምስክር ሆነ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ የቀበሌ ኪነት ቡድኖች በአብዛኛው አብረው ወደቁ። ጥሩ ድምፅ ያለው ልጅ ወደ አዲስ አበባ የምሽት ቤት፣ ከዚያም ወደ ውጭ አገር ሄደ። በካሴት ሥራም አንድ ኪቦርድ የአምስት መሣሪያ ሥራ ይሠራ ጀመር። የባህል ጓዶች በዞንና በክልል ደረጃ አሁንም አሉ፤ በየመንደሩ ግን ታላቁ ለታናሹ የሚያስቀጽልበት ሥርዓት አልተተካም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ሐይቅና ወደ ደሴ በደረሰ ጊዜም በደቡብ ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል። ዕቃን ማከማቸት ብቻውን ትምህርትን እንደማያድን ይህም ያስረዳል።

ከሌላው ዓለም አንድ ምሳሌ

በ1975 እ.ኤ.አ. ሆሴ አንቶኒዮ አብሬዩ የተባሉ የቬኔዙዌላ ሰው በካራካስ ጥቂት ወጣቶችን ሰብስበው «ኤል ሲስቴማ» የተባለውን የወጣቶች ኦርኬስትራ ጀመሩ። ሥራው በየሰፈሩ በሚቋቋሙ ማእከሎች እየተባዛ ብዙ መቶ ሺህ ልጆችን አዳረሰ። በዚያ አሠራር ልጁ ብቻውን ለዓመታት ተለማምዶ ሳይሆን ገና ከጅምሩ ከሌሎች ጋር ተቀምጦ ይማራል፤ ጥቂት የቀደመውም ለጀማሪው ያሳያል። ይህን ስናነብ ትዝ ያለን የአገራችን የዜማ ቤት ነው። ዓለም እንደ አዲስ ግኝት ያደነቀው የማስቀጸል ልማድ በእኛ ዘንድ የዘመናት ልማድ ነው። ሆኖም የቬኔዙዌላው ሥራ ዋና ደጋፊ መንግሥት በመሆኑ የአገሪቱ ሀብት ሲናጋ ብዙ ተጫዋቾች ተሰደዋል። በሁሉም አገር ደጋፊው አንድ ብቻ ሲሆን አደጋው አንድ ዓይነት ነው።

መደምደሚያ

ያየነውን በአጭሩ እናጠቃል። የአልጋ ወራሹ፣ የዩኒቬርሲቲውና የደርግ ጓዶች እያንዳንዳቸው ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ እያንዳንዳቸውም ደጋፊያቸው ሲናወጥ ተናውጠዋል። በአንጻሩ ሀብት ያልነበረው የቆሎ ተማሪውና የደረሳው ሥርዓት ነገሥታት ሲለዋወጡ፣ ረሃብና ጦርነት ሲያልፍበት እስከ ዛሬ ቆይቷል። ምክንያቱም ቀለቡ ከብዙ ቤት የሚወጣ፣ መምህሩም ከተማሪው መካከል የሚተካ በመሆኑ ነው።

ስለሆነም በሐይቅና በአምባሰል የወጣቶች ኦርኬስትራ ይቋቋም የሚል ሐሳብ ሲነሣ፣ በእኛ አስተያየት መነሻው «ማን መሣሪያ ይገዛልናል?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ሊሆን አይገባም። ማን ያስተምራል? እርሱስ ሲያልፍ ማን ይተካዋል? ዋሽንቱን በልክ የሚቈርጥ፣ ክራሩን የሚሠራ ልጅ ማን ያሠለጥናል? ሕዝቡስ፣ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም፣ ከእጁ ምን ያዋጣል? የሚሉት አብረው መመለስ አለባቸው። የዩኒቬርሲቲ ተማሪዎች የሆንን እኛም ድርሻ አለን፤ በየሠፈራችን ያሉትን ሽማግሌ ክራር መቺዎችና መንዙማ አውጪዎች ድምፃቸውን ቀርጸን ብቻ አንመለስ፤ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠን እንማር። ቅጂ ድምፁን ያቆያል፤ ድምፁን የሚያወርሰው ግን ተማሪ ነው። አምባሰል ስሟን ለዜማ ከሰጠች፣ ልጆቿም ያንን ዜማ በአገራቸው ተቀምጠው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ሊማሩት ይገባቸዋል።